«ዲማንድ» እንግዳውን ለምን አስቆጣው?

ጥያቄ፦ «በአንድ ሆቴል የእንግዳ መቀበያ ክፍል እሠራለሁ። የእንግሊዝኛ ቃላትን ከነአማርኛ ፍቺያቸው ጽፌ በቃሌ የያዝኩባቸው ሦስት ደብተሮች አሉኝ። ተመሳሳይ ቃላትንም አንድ ላይ እየደረደርኩ አጠናለሁ። ሆኖም ስናገርም ሆነ ስጽፍ ቃሉ አይመጣልኝም፤ ሲመጣም ያሳስተኛል። በቅርቡ አንድ እንግዳ የፓስፖርቱን ቅጂ እንዲልክልን ስጽፍለት ‹ጠየቀ› ለማለት ‹ዲማንድ› የሚለውን ቃል ተጠቀምኩ። ሰውየው በጣም ተቆጣ፤ እኔም ተወቀስኩ። ከእንግዲህ ፍቺ ላጥና፣ ተመሳሳይ ቃላት ወይስ ምሳሌ ዓረፍተ ነገር? የቱን ላስቀድም?»

ምላሽ፦

ውድ እህቴ፣ ምሳሌውን አስቀድሚ፤ ፍቺውን አስከትዪ፤ ተመሳሳዩን መጨረሻ ላይ አምጪ። ተመሳሳዩን የምታመጪውም ከሌላው ቃል የሚለይበትን ለማወቅ እንጂ የሚመስልበትን ለመቁጠር አይሁን። ለምን እንዲህ እንደምል ለማስረዳት ያ መልእክትሽ ከማንኛውም ማብራሪያ ይበልጣልና እሱን አብረን እንየው።

በደብተርሽ ላይ «አስክ»፣ «ሪክዌስት»፣ «ኢንኳየር» እና «ዲማንድ» በአንድ መስመር ተደርድረው፣ ከፊታቸው «ጠየቀ» የሚል አንድ አማርኛ እንደተጻፈ እገምታለሁ፤ ብዙዎቹ ተማሪዎቼ የሚጽፉት እንደዚህ ነው። አሁን «ጠየቀ» በአማርኛ ምን ያህል ሰፊ ቃል እንደሆነ አስቢ። ሰው መንገድ ይጠይቃል፣ ዕርዳታ ይጠይቃል፣ የታመመ ዘመዱን ይጠይቃል፣ ሽማግሌ ልኮ ልጅ ይጠይቃል፤ ሥራው ራሱ ትዕግሥት ይጠይቃል። እንግሊዝኛ ይህን ሁሉ በአንድ ቃል አይሸከምም። መንገድ ሲጠየቅ «አስክ» ይላል፤ የታመመ ሲጠየቅ «ቪዚት» ይላል፤ ሥራ ትዕግሥት ሲጠይቅ «ሪኳየር» ይላል። «ዲማንድ» ደግሞ «ይገባኛል፣ እምቢ ልትለኝ አትችልም» ብሎ የቆመ ሰው ቃል ነው። ሠራተኞች ያልተከፈላቸው ደመወዝ እንዲሰጣቸው፣ የተታለለ ገዢ ገንዘቡ እንዲመለስለት ጠንክረው ሲጠይቁ ቦታው የ«ዲማንድ» ነው። እንግዳሽ ያነበበው «የፓስፖርትህን ቅጂ አምጣ!» የሚል ትእዛዝ ነው። በእሱ ቦታ ብትሆኚ አንቺም ቅር ይልሽ ነበር።

ያው ቃል ስም ሆኖ የምጣኔ ሀብት መጽሐፍ ውስጥ ሲገባ ግን ቁጣው ይጠፋል። «አቅርቦትና ፍላጎት» ስንል ሁለተኛው እሱ ነው። «ዲማንዲንግ» ሆኖ ከ«ጆብ» ጋር ሲሄድም ብዙ ጉልበትና ትኩረት የሚፈልግ አድካሚ ሥራ ማለት ነው፤ ማንንም አያስቀይምም። ቃሉ ክፉ አይደለም፤ ያስቀየመው የገባበት ቦታ ነው። የቃልን ቦታ ደግሞ «ጠየቀ» የሚለው አንድ ቃል ብቻውን ሊነግርሽ አይችልም ነበር።

ይህን ስል የአማርኛ ፍቺ መያዝ ጥፋት ነው ማለቴ አይደለም። እንዲህ የሚሉ አስተማሪዎች አሉ፤ እኔ አልስማማም። «አምብሬላ» ጃንጥላ ነው ብሎ ማለፍ ሲቻል በእንግሊዝኛ ማብራሪያ መንገላታት ጊዜ ማባከን ነው። ዕቃ፣ እንስሳ፣ ምግብ፣ የሰውነት ክፍል፣ እነዚህን በአማርኛ ፍቺያቸው ያዢና እለፊ። ችግሩ የሚጀምረው ከግስና ከቅጽል ላይ ነው፤ እዚያ ሁለቱ ቋንቋዎች ነገሮችን የሚከፋፍሉበት መንገድ ይለያያል።

ዝናብ የያዘው እንግዳ ወደ መቀበያው መጥቶ ጃንጥላ ቢፈልግ በአማርኛ «አውሺኝ» ይልሻል። አንድ ሺህ ብር ቢፈልግ ግን «አበድሪኝ» ይላል። አማርኛችን የሚለየው የሚመለሰው ያው ራሱ ዕቃ ነው ወይስ ምትኩ ብሎ ነው፤ ጃንጥላው ራሱ ይመለሳል፣ ብሩ ግን ተበልቶ ሌላ ብር ይተካል። እንግሊዝኛ ይህን ልዩነት ከቁም ነገር አይቆጥረውም። ለጃንጥላም ለገንዘብም የሚሰጠው ሰው «ሌንድ»፣ የሚወስደው ሰው «ቦሮው» ነው። እኛ ሰጪና ተቀባይን በአንድ ግስ ላይ «አ» እና «ተ» እየቀያየርን እንለያቸዋለን፤ አበደረ፣ ተበደረ፤ አዋሰ፣ ተዋሰ። እነሱ ለዚያ ሁለት የማይዛመዱ ቃላት አሏቸው። ስለዚህ «ቦሮው» ማለት «ተበደረ» ነው ብሎ ብቻ የያዘ ተማሪ ሁለት ጊዜ ይሳሳታል። መጽሐፍ ሊዋስ ሲፈልግ ቃሉ አይታወሰውም፤ እሱ ያጠናው ለገንዘብ ነውና። «አበድረኝ» ሊል ሲፈልግ ደግሞ «ሌንድ ሚ» በማለት ፈንታ «ቦሮው ሚ» ይላል፤ በአማርኛው ግሱ አንድ ነዋ! ይህን ስህተት በማስተማር ዘመኔ ስንት ጊዜ እንዳረምኩት አልቆጥረውም።

ነገሩ በተቃራኒውም ይሠራል። እኛ ልብስ እንለብሳለን፣ ጫማ እንጫማለን፣ ቀበቶ እንታጠቃለን፣ ሰዓት እናስራለን፣ ጋቢ እንደርባለን፣ መነጽር እናደርጋለን። እንግሊዝኛ ለዚህ ሁሉ «ዌር» ብሎ ያልፋል፤ ሽቶ ተቀብቶ መውጣትም እዚያው ይገባል። «ዌር» ማለት «ለበሰ» ነው ብሎ የቆመ ሰው ስለ መነጽርና ስለ ሰዓት ሲናገር የሌለ ቃል ፍለጋ ይደክማል።

የአማርኛው ፍቺ በሩን ከከፈተልሽ በኋላ ወደ እንግሊዝኛው ፍቺ ግቢ፤ ግን መዝገበ ቃላቱን መርጠሽ። ለራሳቸው ለእንግሊዝኛ ተናጋሪዎች የተዘጋጀውን ከከፈትሽ አንድ ቃል ስትፈልጊ ሦስት የባሱ ቃላት ይጠብቁሻል። ለውጭ ተማሪ የተዘጋጁት ሌላ ናቸው። ሎንግማን እ.ኤ.አ. በ1978 ባወጣው የተማሪዎች መዝገበ ቃላት ፍቺዎቹን 2,000 ገደማ በሆኑ የተመረጡ ቀላል ቃላት ጽፏቸዋል፤ እነዚያን የያዘ ሰው የቀረውን መፍታት ይችላል ማለት ነው። ኮቢልድ የተባለው፣ በበርሚንግሃም ዩኒቨርሲቲ በጆን ሲንክለር መሪነት ተዘጋጅቶ እ.ኤ.አ. በ1987 የወጣው መዝገበ ቃላት ደግሞ ከዚያ አልፎ ፍቺውን ራሱን ሙሉ ዓረፍተ ነገር አደረገው። ማን ምንን እንደሚያደርግ ከፍቺው ላይ ታይዋለሽ። ለአንቺ ሥራ የምመክረው እንዲህ ያለውን ነው። ዛሬ ከእነዚህ ብዙዎቹ በስልክ ላይ በነፃ ይገኛሉ።

ወደ ተመሳሳይ ቃላት ልምጣ፤ ጉዳቱ የደረሰብሽ እዚህ ነውና።

እንግሊዝኛ ለአንድ ነገር ሦስት አራት ቃል ያበዛው ከታሪኩ ነው። እ.ኤ.አ. በ1066 ከሰሜን ፈረንሳይ የመጡት ኖርማኖች እንግሊዝን ሲይዙ ቤተ መንግሥቱና ፍርድ ቤቱ በፈረንሳይኛ መናገር ጀመሩ፤ ገበሬው በጥንቱ እንግሊዝኛው ቀጠለ፤ ቤተ ክርስቲያኑና ሊቃውንቱ ላቲን ይጽፉ ነበር። ከጊዜ በኋላ ሦስቱ ተቀላቀሉ፤ የየመጡበት ጠረን ግን አልለቀቃቸውም። የአንቺኑ ቃል ውሰጂ። «አስክ» የጥንቱ እንግሊዝኛ ነው፤ ከቤት የማይጠፋ፣ ሁሉም የሚጠቀምበት። «ኩዌስቸን» በፈረንሳይኛ በኩል የመጣ ነው፤ ግስ ሲሆን የጥርጣሬ ቃና አለው። «ኢንተሮጌት» ከላቲን የመጣ ነው፤ ፖሊስ ተጠርጣሪን ሲመረምር የሚባለው እሱ ነው። ሦስቱንም «ጠየቀ» ብሎ የያዘ ሰው «ልጠይቅዎት» ሊል ፈልጎ «ልመርምርዎት» ሊል ይችላል።

ይህ ለእኛ እንግዳ መሆን አልነበረበትም። አንቺ ራስሽ በሥራሽ ላይ እንግዳውን «ይብሉ» ትዪዋለሽ ወይስ «ይመገቡ»? ሐዘንተኛን «አባትሽ ሞቱ» ትያታለሽ ወይስ «አረፉ»? ጓደኛሽን «ሸንቃጣ ነሽ» ብትያት ትስቃለች፤ «ከሲታ ነሽ» ብትያት ደግሞ ታኮርፋለች፤ ሁለቱም ግን ቀጭን ናት ማለት ነው። በእንግሊዝኛም «ስሊም» ሸንቃጣ፣ «ስኪኒ» ከሲታ፣ «ቲን» ደግሞ እንዲሁ ቀጭን ነው። የአማርኛውን ልዩነት ማንም አላስተማረሽም፤ ከሰው አፍ እየሰማሽ ነው ያወቅሽው። ለእንግሊዝኛው ቃል ግን ይህን ጥንቃቄ ነፍገሽው እነ «አስክ»ንና «ዲማንድ»ን አራቱን በአንድ መስመር አሰርሻቸው።

ተመሳሳዮችን በአንድ ቀን አብሮ ማጥናት ሌላም ጉዳት አለው፤ ይደባለቃሉ። ቶማስ ቲንክሃም የተባሉ ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1993 ባሳተሙት ጥናት፣ በትርጉም የሚቀራረቡ አዲስ ቃላት አንድ ላይ ሲጠኑ ከማይቀራረቡት ይልቅ ብዙ ድግግሞሽ እንደሚፈጁ አሳይተዋል። እኔም በክፍል ውስጥ ያየሁት ይህንኑ ነው። «ቦሮው» እና «ሌንድ»ን በአንድ ሰዓት ያስተማርኳቸው ልጆች ሁለቱን ሲያምታቱ ዓመቱ ያልቅ ነበር። አንዱን አስቀድሜ፣ አፋቸው እስኪለምደው ቆይቼ፣ ሌላውን ከሳምንታት በኋላ ሳመጣው ግን ያለ ችግር ተቀበሉት። ስለዚህ አንድ ቃል ሥር ይስደድ፤ ሁለተኛው ይጠብቅ። ሁለተኛው ሲመጣ ጠይቂው፤ ማን ለማን ይለዋል? ይከብዳል ወይስ ይቀላል? ንግግር ላይ ነው ወይስ ደብዳቤ ላይ? ከኋላው ምን ያስከትላል?

የመጨረሻዋን ጥያቄ ቀላል አድርገሽ አትያት። «አስክ» ካልሽ በኋላ «ዩ ቱ ሴንድ» ማለት ትችያለሽ። ከ«ዲማንድ» በኋላ ግን እንዲህ ማለት አይቻልም፤ «ዛት ዩ ሴንድ» ይላል። ተመሳሳይ የተባሉት ቃላት ሰዋስዋቸው እንኳ አንድ አይደለም። «ዲማንድ ዩ ቱ ሴንድ» ብለሽ ጽፈሽ ከነበረ መልእክትሽ በትሕትናም በሰዋስውም የተሰበረው በአንዷ ቃል ሳቢያ ነው።

የተመሳሳይ ቃላት መዝገብ ሲነሣ ፒተር ማርክ ሮጄ እ.ኤ.አ. በ1852 ያሳተሙት ሳይጠቀስ አይታለፍም። እሳቸው ቃላቱን በሐሳብ ዘርፍ ያሰባሰቡት ቋንቋውን ለሚያውቅ ጸሐፊ ነበር፤ የሚያውቀውን ቃል ግን ለጊዜው የጠፋበትን ሰው ለማስታወስ። ቃሉን ጭራሽ ለማያውቅ ተማሪ እንዲህ ያለ መዝገብ ያለ ዋጋ ዝርዝር የቀረበ ገበያ ነው።

ለምሳሌ ዓረፍተ ነገር የማደላው ቃል ብቻውን ስለማይኖር ነው። እንግሊዛዊው የቋንቋ ሊቅ ጄ. አር. ፈርዝ እ.ኤ.አ. በ1957 ባሳተመው ጽሑፍ ቃል በባልንጀራው እንደሚታወቅ ተናግሯል፤ ከዚያ ወዲህ መዝገበ ቃላት አዘጋጆች የቃላትን ባልንጀርነት እየቆጠሩ ይመዘግባሉ። እኛ ይህን የምናውቀው ስንሳሳት ነው። በአማርኛ ሲጋራ ይጨሳልም ይጠጣልም፤ በእንግሊዝኛ ይጨሳል እንጂ አይጠጣም። በአማርኛ ቴሌቪዥን ይከፈታል፤ በእንግሊዝኛ «ኦፕን» ካልሽው ጀርባውን በመፍቻ የምትፈቺ ይመስላል፤ «ተርን ኦን» ነው። ፎቶ እናነሳለን፤ እነሱ ይወስዳሉ። ትኬት እንቆርጣለን፤ እነሱ ይገዛሉ። ጉንፋን እኛን ይይዘናል፤ እነሱ ጉንፋኑን ይይዙታል። በእያንዳንዱ ላይ ስሙን አውቀሽ ግሱን ከአማርኛ ካመጣሽ ዓረፍተ ነገሩ ይበላሻል፤ ከአምስቱ አንዱንም ቢሆን የቃል ለቃል ፍቺ አያድንሽም።

በዚህ በኩል ባለውለታችን የኢትዮጵያ ቋንቋዎች ተመራማሪው ቮልፍ ሌስላው ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1973 ያሳተሙት የእንግሊዝኛ–አማርኛ መዝገበ ቃላት ከስሙ ጀምሮ የዐውድ መዝገበ ቃላት ነው፤ አንዱን የእንግሊዝኛ ቃል በተለያየ ዓረፍተ ነገር እያስገባ አማርኛው በየቦታው እንዴት እንደሚለወጥ ያሳያል። በየቤተ መጻሕፍቱ ብትፈልጊው አትቆጪም። አንድ ገጽ ስታነቢ «ለአንድ ቃል አንድ ፍቺ» የሚለው እምነት ራሱ ይለቅሻል።

የአብነት ትምህርት ቤትን አስተውለሽ ታውቂያለሽ? የቅኔ ተማሪ የግእዝ ግስ ከነአማርኛ ፍቺው ተቀምጦ ይቀጽላል፤ ፍቺው ከአማርኛው ጋር አንድ ሲሆን «በቁሙ» ተብሎ ይታለፋል። እስከዚህ ድረስ ከአንቺ ደብተር ብዙ አይለይም። ልዩነቱ ከዚያ በኋላ ነው። ተማሪው ግሱን ይዞ አይቀመጥም፤ በያዘው ቃል ቅኔ ይቆጥራል፤ ማለትም የራሱን ቅኔ ያዘጋጃል። መጀመሪያ ሁለት ቤት ብቻ ያላትን ጉባኤ ቃና ይቆጥርና ለመምህሩ ይነግራል፤ መምህሩ ያርሙታል፤ በማግሥቱ ሌላ ይቆጥራል። ቃሉ የሚቀረው በቃል ስለተያዘ ሳይሆን ተማሪው የራሱን ሐሳብ ስለተናገረበት ነው። አባቶቻችን ይህን ያወቁት ከማናችንም ቀድመው ነው፤ እኛ ግሱን ወስደን ቅኔውን ተውነው።

ስለዚህ አሠራሩ እንዲህ ይሁን። ቃል ከዝርዝር አትቅጂ፤ ከመቀበያ ጠረጴዛሽ ውሰጂ። እንግዳ ያለውን፣ በኢሜይል የመጣውን፣ በሥራ መመሪያ ላይ ያየሽውን ዓረፍተ ነገር እንዳለ በትንሽ ካርድ ላይ ጻፊና የምታጠኚውን ቃል ቦታ ባዶ ተዪው። በጀርባው ቃሉን፣ የአማርኛ ፍቺውን፣ አብረውት የሚሄዱትን ሁለት ሦስት ባልንጀሮች ጻፊ። ለምሳሌ «ሪዘርቬሽን» ከ«ሜክ»፣ ከ«ኮንፈርም»ና ከ«ካንስል» ጋር ይሄዳል፤ እኛ ክፍል «ስለምንይዝ» «ካች» ብሎ የጻፈ ተማሪ ነበረኝ። ከዚያ በታች የራስሽን ዓረፍተ ነገር ጨምሪ፤ በእውነት ስለሆነ ነገር፣ በዚያው ቀን። አነባበቡን ስትሰሚ ድምፁ የሚከብድበትን ክፍልም አስምሪበት፤ «ሪከርድ» ስም ሲሆን መጀመሪያው፣ ግስ ሲሆን መጨረሻው ይከብዳል። ያልከበደውን አክብደሽ ከተናገርሽው በትክክል የምታውቂውን ቃል ሰው ላይሰማሽ ይችላል።

በቀን አምስት ካርድ ይበቃል። ብዙ ነው ትላለሽ ወይስ ትንሽ? ከሚረሳ ሠላሳ ቃል የሚቆይ አምስት ይሻላል። ጀርመናዊው የሥነ ልቦና ሊቅ ሄርማን ኤቢንግሃውስ እ.ኤ.አ. በ1885 በራሱ ላይ ባደረገው ሙከራ እንዳሳየው፣ መርሳት የሚፈጥነው ካጠናን በኋላ ባሉት የመጀመሪያ ሰዓታትና ቀናት ነው። ስለዚህ የዛሬውን ነገ፣ ከዚያ ከሦስት ቀን በኋላ፣ ከዚያ ከሳምንት በኋላ እዪው። ሴባስቲያን ላይትነር እ.ኤ.አ. በ1972 ያስተዋወቀው የካርድ ሣጥን ለዚህ ይመቻል፤ ያወቅሽው ካርድ ዘግይቶ ወደሚታየው ክፍል ያልፋል፤ የሳትሽው ወደ መጀመሪያው ይመለሳል። የጫማ ካርቶን ከፋፍለሽ መሥራት ትችያለሽ። ዋናው ጀርባውን ከማየትሽ በፊት ቃሉን ከአፍሽ ማውጣትሽ ነው። ፍቺውን እየደጋገሙ ማንበብ ያወቁ ያስመስላል፤ ደብተሮችሽ ያታለሉሽ በዚህ ነው።

ሦስቱን ደብተሮች ግን አትጣያቸው። ማይክል ዌስት የተባለ የእንግሊዝኛ መምህር እ.ኤ.አ. በ1953 ያወጣው የዘወትር ቃላት ዝርዝር 2,000 ገደማ ቃላት ይዟል፤ በየዕለቱ ከምታነቢው እንግሊዝኛ አብዛኛው፣ ከአምስት እጅ አራት እጁ ገደማ፣ በእንደዚያ ባሉ የዘወትር ቃላት የተሠራ ነው። ደብተርሽን ስትገልጪ ከእነዚያ ወገን የሆኑትን ምልክት አድርጊባቸውና እነሱን ብቻ ወደ ካርድ አዛውሪ። ብርቅ ቃል ለማወቅ አትቸኩዪ። እንደ «ጌት»፣ «ቴክ»፣ «ሚስ» ያሉ ትንንሽ የሚመስሉ ቃላት ጥልቀታቸው ያስደንቃል፤ በ«ሚስ» ብቻ አውቶቡስ ያመልጣል፣ ኢላማ ይሳታል፣ እናት ትናፍቃለች። እርግጥ ከፍተኛ ትምህርት ለመቀጠል ካሰብሽ አቬሪል ኮክስሄድ እ.ኤ.አ. በ2000 ያወጣችውን 570 የቃላት ቤተሰብ (አንድ ቃል ከነርቢዎቹ) የያዘ የከፍተኛ ትምህርት ቃላት ዝርዝር በኋላ ትጨምሪበታለሽ። አሁን አይደለም።

የመጀመሪያው ካርድሽ ያ መልእክት ይሁን። በአማርኛ ለእንግዳው ብትጽፊለት ኖሮ «እንጠይቅዎታለን» ትዪው ነበር? አይመስለኝም። «እባክዎ የፓስፖርትዎን ቅጂ ይላኩልን» ትዪው ነበር። እንግሊዝኛውም እንደዚያው ነው፤ «ኩድ ዩ ፕሊዝ ሴንድ አስ ኤ ኮፒ ኦፍ ዩር ፓስፖርት?» «አስክ» የለበትም፣ «ሪክዌስት» የለበትም፣ «ዲማንድ» የለበትም። ካርዱ ላይ «ኩድ ዩ ፕሊዝ» የሚለውን ባዶ ተዪው። በጀርባው «እባክዎ» ብለሽ ጻፊ፤ ከሥሩም «ዲማንድ፦ መብት ሲነካ ብቻ» የሚል አንድ መስመር ጨምሪ። ነገ ጠዋት ሥራ ከመግባትሽ በፊት አንድ ጊዜ አውጥተሽ እዪው፤ ከዚያ በዚያው ቀን ለሚመጣ ለማንኛውም እንግዳ በዚያ አነጋገር አንድ ነገር ጠይቂ፤ ቁልፍ፣ ፊርማ፣ የስልክ ቁጥር፣ ያገኘሽውን።